አንዳንዴ እምቢ የሚል ማርሽ

አልፎ አልፎ የሚነሣ ሕመም ሐኪም ፊት ሲቀርብ እንደሚሰወር ሁሉ፣ አልፎ አልፎ የሚጠጥር ማርሽም ጋራዥ ሲደርስ ጤነኛ ይመስላል። ከዚህም የተነሣ ብዙ ባለንብረት በግምት ይመራና ያልተበላሸውን አስለውጦ፣ የተበላሸውን እንደያዘ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

በጅቡቲ ከተማ በቆየንበት ወቅት ያስተዋልነውም ይህንኑ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1998 በተነሣው ጦርነት ሳቢያ በአሰብ ወደብ መጠቀሟን ካቆመች ወዲህ፣ ይህች ከተማ ዋነኛ የባሕር በራችን ሆናለች። በዚያ የሚኖሩ አንድ ወገናችን ቤተሰባቸውን የሚያስተዳድሩት በአንዲት አሮጌ ላንድክሩዘር ነበር። ማለዳ ማርሿ ያለ ችግር ይገባል፤ ቀትር ላይ ግን አንደኛውና የኋላ ማርሹ እምቢ ይላሉ። አንድ ባለሙያ «ካምቢዮው ይለወጥ» ብሎ ስለፈረደ፣ ለልጆች ትምህርት የተቀመጠው ገንዘብ ሊወጣ ተቃርቦ ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ ከውጊያ በፊት ቅኝት ይቀድማል። ለማርሽም ሥርዐቱ ያው ነው።

በመጀመሪያ ሞተሩን አጥፍቶ ማርሾቹን በየተራ ማስገባት ነው። ሞተር ጠፍቶ የሚገባው ማርሽ ሞተር ሲነሣ የሚጠጥር ከሆነ፣ ፍሪሲዮኑ ሞተሩንና ካምቢዮውን በሚገባ አይለያይም ማለት ነው። ሞተር ጠፍቶም የሚጠጥር ከሆነ ግን እጀታውን ከካምቢዮው የሚያገናኙትን ዘንጎችና ጎሚኒዎች መመርመር ይገባል።

ቀጥሎ መኪናዋ ቆማ ሞተሩ እየሠራ፣ ፍሪሲዮኑን ረግጦ እስከ አምስት ከቆጠሩ በኋላ የኋላ ማርሽ ማስገባት ነው። የሚንኳኳና የሚፋጭ ድምፅ ከተሰማ ጥፋቱ አሁንም ከፍሪሲዮኑ ወገን ነው። አንድ ማርሽ ብቻ ዘወትር የሚፋጭ ከሆነ በካምቢዮው ውስጥ ያለው የነሐስ ቀለበት ሳያልቅ አልቀረም። ማለዳ ብቻ የሚጠጥር ከሆነ ደግሞ የካምቢዮውን ዘይት ዐይነትና መጠን መፈተሽ ያስፈልጋል።

በዚያ ቤት ቁልፉን የሰጡን ባለቤቲቱ ነበሩ። «ወንድሞቼ፣ ፔዳሉን ሁለት ሦስቴ ሲረግጠው እኮ ይገባለታል!» አሉን። ይህ ምልክት በፍሪሲዮኑ ቧንቧ ውስጥ አየር መኖሩን ወይም የፓምፑ ጎሚኒ ማርጀቱን ያመለክታል። በእርግጥም ሲታይ ከፔዳሉ በላይ ያለው ፓምፕ ያልብ ነበር፤ ዘይቱም ጎድሎ ጠቁሯል።

በፍሪሲዮኑ ውስጥ የሚሠራው የፍሬን ዘይት ከአየር ርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲሱ ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ ርጥበት ሲጠጣ ግን ይህ መጠን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። እንደ ጅቡቲ ባለ ሙቀትና የባሕር ወበቅ በሚበረታበት አገር፣ ዘይቱን ሳይለውጡ ዓመታት ማሳለፍ ጥፋትን መጋበዝ ነው። ጎሚኒው ተለወጠ፤ ዘይቱ ታድሶ አየሩ ወጣ፤ ቀትርም ማርሹ ገባ። ካምቢዮው አልተነካም፤ የልጆቹም ገንዘብ ከተቀመጠበት አልተነሣም።

ስለዚህ እናንተ ባልና ሚስት፣ በመኪናችሁ ውስጥ አንዲት ደብተር አኑሩ። ማርሹ የጠጠረበትን ሰዓት፣ የትኛው ማርሽ እንደሆነ፣ ሞተሩ ሞቆ እንደነበረና ፔዳሉን መደጋገም መርዳቱን መዝግቡ። ማርሹን ግን በጉልበት አታስገቡ፤ ትንሹን ጥፋት ወደ ካምቢዮው የሚያዛምተው ይኸው ነው። በፍሬን ዘይት ፈንታም የሞተር ዘይት አትጨምሩ፤ ጎሚኒውን ያሳብጣል። ጋራዥ ስትሄዱ ደብተሩን ከቁልፉ ጋር አብራችሁ አስረክቡ።