አምፖልና ምጣድ፤ በአምቦ ፎቅ ቤቶች ስለ መብራት ቍጠባ የሚነገረው ተረትና እውነታው

በአምቦና በጉደር፣ በጊንጪና በሆለታ ፎቅ ቤት እየበዛ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድረውም ቤተሰብ እየተበራከተ ሲሄድ፣ ስለ መብራት ቍጠባ የሚነገረው ነገር ከዕውቀት ይልቅ ወደ ትውፊት ማድላቱ ስለማይቀር፣ ጥቂቱን መመርመር ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ቀዳሚው ተረት የሂሳቡን መናር በአምፖል የሚያሳብበው ነው። ልጅ መብራት ሳያጠፋ ስለ ወጣ ይገሠጻል፤ በማድ ቤት ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን አንዳች ተግሣጽ ሳይደርስበት 3500 ዋት ያህል ይፈጃል። ምጣዱ በአንድ ሰዓት የፈጀውን ለመፍጀት፣ 9 ዋት የሚወስደው ኤልኢዲ አምፖል ሌሊትና ቀን ሳይጠፋ 16 ቀን ያህል መብራት አለበት። የቀዘቀዘው ሸክላ እስኪግል የሚጠፋው ኀይል አንዲት እንጀራ ሳትወጣበት የሚባክን ስለ ሆነ፣ ዕለት ዕለት ጥቂት ጥቂት ከመጋገር የሦስት አራት ቀኑን ሊጥ በአንድ ግለት መጨረስ፣ የመጨረሻዎቹንም እንጀራዎች ምጣዱን አጥፍቶ በተረፈው ትኵሳት ማውጣት፣ ከተቻለም ጎረቤታሞች ሸክላው ሳይበርድ ተራ ይዘው መጋገር እውነተኛው ቍጠባ ነው፤ የማን ቆጣሪ ይቍጠር የሚለው ክርክር ከሊጡ ይልቅ እንደሚያስቸግር ግን አልዘነጋንም።

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ፣ «ኀይል ተትረፍርፏል፤ ቍጠባ ለምኔ» የሚሉ አልጠፉም። የግድቡ ኀይል ወደ ቤት የሚደርሰው ግን በሰፈሩ መሥመርና ትራንስፎርመር በኩል ነው፤ የእነዚህም ዐቅም ከግድቡ ጋር አብሮ አላደገም፤ በፋሲካ ዋዜማ በአንድ ሕንፃ 20 ምጣድ በአንድ ጊዜ ቢጣድ 70 ኪሎዋት የሚሸከም ነገር ያስፈልጋል።

ቦይለር ቀኑን ሙሉ ቢበራ ይቈጥባል መባሉም ሐሰት ነው። ሙቀት በባሕርዩ ወደ ቀዝቃዛው ስለሚፈስ፣ በተለይም 2100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ባለችው በአምቦ ብርድ፣ ጋኑ ማንም ሳይታጠብበት የሚያፈስሰውን ሙቀት ለመተካት ኀይል ይወስዳል፤ ከመታጠብ በፊት ማብራት ይበቃል።

ለብዙ ቤት አንድ ቆጣሪ መሆኑ ዋጋ ያረክሳል የሚለው እምነት ደግሞ ተከራዩን ከሁሉ ይልቅ ይጐዳዋል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተሠራ፣ ፍጆታው በጨመረ ቍጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም የሚጨምር ስለ ሆነ፣ ለየብቻቸው ቢሆኑ በዝቅተኛው እርከን የሚቈጠርላቸው አራት ቤተሰቦች በአንድነት ተደምረው ከፍ ወዳለው ይወጣሉ፤ ሂሳቡም እኩል ሲካፈል፣ ቦይለር የሌለው ጎረቤት ባለ ቦይለሩ የታጠበበትን ይከፍላል።