የሜክሲኮ የዓሣ እራት በመተማ ማዕድ ቤት

የሜክሲኮ ምግብ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በፊልም ያየነው ነው። ለዚያውም የባሕር ምግብ ሲባል ለመተማ ሰው ቀልድ ይመስላል፤ ባሕሩ የት አለና! ነገር ግን ጠጋ ብላችሁ ስታዩት በዚያ እራት ውስጥ ለቆላው እንግዳ የሆነ ነገር ብዙም የለም።

ዓሣውን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2024 "ኔቸር" በተሰኘው መጽሔት የወጣ ጥናት እንደሚለው፣ ከ74 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በሽንፋ ወንዝ ዳር ይኖሩ የነበሩ ሰዎች በበጋ ወንዙ ሲቆራረጥ በየኩሬው የቀረውን ዓሣ እያጠመዱ ይበሉ ነበር። "ዓሣ የባሕር ዳር ልጆች ነገር ነው" የምትሉ ጓደኞቼ ይህን ልብ በሉልኝ።

ሌላው ደግሞ ቅመሙ ነው። ቃሪያ፣ ቲማቲምና በቆሎ የመጡልን ከወደዚያው ከአሜሪካ ምድር ነው። የእኛ ትንሿ ሎሚም ሜክሲኮዎች ዓሣ ላይ የሚጨምቋት ዓይነት ናት። እነሱ ዓሣውን ቶርቲያ በሚሉት የበቆሎ ቂጣ ጠቅልለው ይበሉታል፤ መተማ ላይ ግን ሱዳኖች ከማሽላ የሚጋግሩት ስስ ኪስራ አለላችሁ፣ ካልተገኘም እንጀራ ያው ነው።

አሠራሩ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ለሦስት ሰው ግማሽ ኪሎ አጥንቱ የወጣለት ዓሣ (ቀረሶም ሆነ አምባዛ) በጣት ውፍረት ትቆርጣላችሁ። በአንድ ሎሚ፣ በተከተከተ ነጭ ሽንኩርት፣ በትንሽ ከሙን፣ በጨውና በቁንጥር ሚጥሚጣ ታሹትና 10 ደቂቃ ታቆዩታላችሁ። እስከዚያው ሳልሳውን ሥሩ። ሳልሳ ሲሉ በቆርቆሮ የምንገዛውን ድልህ ማለታቸው አይደለም፤ ሦስት ቲማቲም፣ አንድ ቀይ ሽንኩርትና ሁለት ቃሪያ ደቀቅ አድርጎ ከትፎ፣ ሎሚና ጨው ጨምሮ ማዋሐድ ነው። የድንብላል ቅጠል ካገኛችሁ ጨምሩበት፤ ለእኔ ጣዕሙ ያለው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ መጥበሻው ላይ ዘይት ታግሉና (የሰሊጥ አገር ስለሆነ የሰሊጥ ዘይት ብትጠቀሙ ያምርበታል፣ እሳቱ ግን መካከለኛ ይሁን) ዓሣውን በየጎኑ ሦስት አራት ደቂቃ ትጠብሳላችሁ። በሹካ ስትነኩት ከተፈረፈረና ውስጡ ነጭ ከሆነ በስሏል።

እዚህ ላይ ግን ቀልድ የለም። ሜክሲኮ ውስጥ ሴቪቼ የሚባል፣ ጥሬ ዓሣ በሎሚ ብቻ ተዘፍዝፎ የሚበላ ምግብ አለ። እኛም አገር ጥሬ ዓሣ በሎሚ የሚወዱ ሞልተዋል። ሎሚው ሥጋውን ስለሚያነጣው የበሰለ ይመስላል እንጂ ተሕዋስያኑንም ሆነ ጥገኛ ትላትሉን አስተማማኝ በሆነ መንገድ አይገድልም። የወንዝ ዓሣ ደግሞ ትል አያጣውም። ስለዚህ እሳት የግድ ነው።

ሁለተኛው ጠላት ሙቀቱ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ መተማ ከ40 ዲግሪ በላይ ትግላለች፤ የምግብ ደኅንነት ባለሙያዎች ደግሞ ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ዓሣ ከአንድ ሰዓት በላይ ውጭ እንዳይቆይ ይመክራሉ። ፍሪጅ ከሌላችሁ ጠዋት ገዝቶ ለማታ ማስቀመጥ አይሆንም። ስትገዙም ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ የሆነ፣ ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሳ ይሁን፤ ሽታው ከራቀ የሚሰማ ከሆነ ዋጋው ቢረክስም እለፉት። ከእራት የተረፈ ካለ ሳልሳውን ከዓሣው ለይታችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡ፤ ፍሪጅ ከሌለ ግን ጎረቤት ጠርቶ እዚያው መጨረስ ነው።