የኢሜይል ሳጥን እንደ መዝገብ ቤት
የበዙ ደብዳቤዎችን በሥርዐት ስለ ማስተናገድ

የኮሌጅ ተማሪና መምህር ዛሬ ከሚጠቀምባቸው የሥራ መሣሪያዎች መካከል እንደ ኢሜይል የተለመደ፣ እንደ ኢሜይልም ያለ ትምህርት የተያዘ ጥቂት ነው። የመጽሐፍ አጠቃቀስ እንማራለን፤ የመስክ ማስታወሻ አያያዝ እንማራለን፤ በየቀኑ የሚገቡልንን ደብዳቤዎች እንዴት እንደምናስተናግድ ግን የሚያስተምረን የለም። ውጤቱም የታወቀ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ እርማት ከንግድ ማስታወቂያ ጋራ ተደባልቆ ይቀራል፤ የነጻ ትምህርት ዕድል ማመልከቻ ቀኑ ያልፍበታል፤ መምህሩ ሊጽፈው ቃል የገባው የድጋፍ ደብዳቤ ዕድሉ ካመለጠ በኋላ ይደርሳል። በዚህ ጽሑፍ ችግሩ ከምን እንደ መጣ መርምረን፣ የአገራችን መሥሪያ ቤቶች ለወረቀት ደብዳቤ ያበጁትን ሥርዐት መነሻ በማድረግ፣ ለኢሜይል የሚስማማ አያያዝ ለማስረዳት እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

፩፤ የችግሩ ምንጭ

አሜሪካዊው መሐንዲስ ሬይ ቶምሊንሰን በ1971 ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው በመረብ ደብዳቤ ሲልክ፣ የሰውየውን ስም ከመሣሪያው ስም ለመለየት ዛሬ ሁላችን የምናውቀውን @ ምልክት መረጠ። በዚያን ጊዜ ተጠቃሚዎቹ ጥቂቶች ስለ ነበሩ የደብዳቤ ብዛት የሚያሳስብ ነገር አልነበረም። ነገር ግን በ1978 ጌሪ ቱርክ የተባለ የኮምፒዩተር ሻጭ አንድ ማስታወቂያ ወደ 400 ለሚጠጉ ሰዎች በአንድ ጊዜ በላከ ጊዜ የመሣሪያው ጠባይ ተገለጠ። ይኸውም የመላክ ድካም በላኪው ላይ እጅግ ያነሰ ሲሆን የማንበብ ድካም ግን በእያንዳንዱ ተቀባይ ላይ መውደቁ ነው። በወረቀት ዘመን አርባ ግልባጭ ማውጣት ስቴንስል፣ ቀለምና ተላላኪ ይጠይቅ ስለ ነበረ ላኪው ሳያስብ ግልባጭ አያበዛም ነበር። ዛሬ አርባ ስም መጨመር ምንም አያስወጣም።

ሁለተኛው ምክንያት የቦታ መስፋት ነው። ጂሜይል በሚያዝያ 2004 ሲከፈት ለእያንዳንዱ ደንበኛ 1 ጊጋባይት ቦታ ሰጠ። ይህም ለዘመኑ እጅግ ብዙ ስለ ነበረ፣ ቦታ እንዳይሞላ ደብዳቤ መሰረዝ የግድ መሆኑ ቀረ። ሰው ለመጣል ካልተገደደ ለመወሰንም አይገደድም።

በ1996 ስቲቭ ዊታከርና ካንዴስ ሲድነር ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች የኢሜይል ሳጥናቸውን ለመልእክት መቀበያ ብቻ ሳይሆን ለሥራ ማስታወሻና ለሰነድ ማከማቻም ጭምር እንደሚጠቀሙበት አመለከቱ። ተጠቃሚዎቹንም በሦስት ከፈሏቸው፤ ምንም የማይለዩ፣ ዘወትር የሚለዩ፣ አልፎ አልፎ የጽዳት ዘመቻ የሚያደርጉ። አንባቢ ራሱን ከሦስቱ በአንዱ ውስጥ እንደሚያገኝ አንጠራጠርም። ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን አንድ ሳጥን ሦስት ሥራ መያዙ ነው። መልስ የሚጠብቀው ደብዳቤና ጉዳዩ ያለቀው ደብዳቤ ጎን ለጎን ተደርድረው አንድ ዐይነት መልክ ስለሚኖራቸው፣ ባለቤቱ አንዱን ደብዳቤ አራት ጊዜ ከፍቶ አራት ጊዜ ሳይወስን ይዘጋዋል። እንግዲህ የሚያስጨንቀን የደብዳቤው ብዛት ብቻ ሳይሆን ያልተወሰነው ጉዳይ ብዛት ነው።

፪፤ ከመዝገብ ቤት የምንማረው

በአገራችን መሥሪያ ቤቶች የተለመደውን አሠራር እናስታውስ። ደብዳቤ ሲመጣ መዝገብ ቤቱ ቍጥርና ቀን ሰጥቶ በገቢ መዝገብ ይጽፈዋል፤ ወደ ኃላፊው ይቀርባል፤ ኃላፊውም አንብቦ ጉዳዩ ለሚመለከተው ሠራተኛ በኅዳጉ ላይ ይመራዋል፤ ጉዳዩ ከተፈጸመ በኋላ ደብዳቤው በፋይሉ ገብቶ ይቀመጣል። መቀበያው፣ የፈጻሚው ጠረጴዛና የፋይሉ መደርደሪያ ሦስት ልዩ ልዩ ቦታዎች ናቸው። መዝገብ ቤትን በማዘግየቱ የሚያማርሩ ብዙዎች ቢሆኑም፣ ይህ ክፍፍል ጥበብ ያለበት ነው።

የደብዳቤው አጻጻፍም እንዲሁ ነው። «ጉዳዩ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ያለው መሥመር ደብዳቤው ስለ ምን እንደ ሆነ ሳይገለጥ ያስታውቃል፤ በግርጌ ያለው «ግልባጭ» ደግሞ እንዲያውቁት ብቻ የተላከላቸውን ሰዎች እንዲፈጽም ከተጻፈለት ይለያል። ኢሜይልም እነዚህን ቦታዎች ሁሉ ይዟል፤ እኛ ግን በጉዳዩ ቦታ «ሰላም» ብለን እንጽፋለን፣ ወይም ባዶ እንተወዋለን፤ ግልባጭ ሊደርሳቸው የሚገባቸውንም ከዋና ተቀባዮች ጋራ እንደባልቃለን።

፫፤ አምስቱ ውሳኔዎች

ከዚህ የምናወጣው ደንብ፣ የተከፈተ ደብዳቤ ሁሉ ከአምስት ውሳኔዎች አንዱን ሳያገኝ አይዘጋ የሚል ነው።

መሰረዝ፦ ዳግመኛ የማይፈለገውን ወዲያው ማጥፋት። በየሳምንቱ የሚመጣና የማናነበው ማስታወቂያ ሲሆን አንዱን ከማጥፋት ይልቅ ምዝገባውን መሰረዝ ይሻላል።

መመለስ፦ አጭር መልስ የሚበቃውን እዚያው መመለስ። አሜሪካዊው ጸሓፊ ዴቪድ አለን በ2001 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከሁለት ደቂቃ በታች የሚፈጸም ሥራ ወዲያው ይሠራ ብሎ መክሯል። የእኛም ሰው ሳይቃጠል በቅጠል ይላል።

መምራት፦ ሌላውን ሰው የሚመለከተውን፣ ምን እንደሚጠበቅበት በአንድ መሥመር ጽፎ ማስተላለፍ።

መቅጠር፦ ረዘም ያለ ሥራ የሚጠይቀውን በሥራ ዝርዝር ወይም በቀን መቍጠሪያ ላይ ከነቀኑ መጻፍና ደብዳቤውን ከሳጥኑ ማውጣት። የድጋፍ ደብዳቤ የተጠየቀ መምህር ጥያቄውን በሳጥኑ ቢያቆየው ይረሳዋል፤ የመጨረሻውን ቀን በቀን መቍጠሪያው ላይ ቢጽፈው ግን ቀኑ ራሱ ያስታውሰዋል።

ማስቀመጥ፦ ለማስረጃ የሚያስፈልገውን ወደ ማኅደር ማዛወር። በጂሜይል አርካይቭ የሚባለው ቁልፍ ደብዳቤውን ከገቢ ሳጥን ያነሣዋል እንጂ አያጠፋውም፤ በፍለጋም ተመልሶ ይገኛል። ብዙዎች ይጠፋብናል ብለው ስለሚፈሩ ይህን ቁልፍ አይነኩትም።

ፊልተር የሚባለው ደንብ ደግሞ የመዝገብ ቤቱን ጸሓፊ ሥራ ይሠራል፤ ከአንድ ላኪ የሚመጣውን ሁሉ ሳናየው ወደ ተመደበለት ቦታ ይወስደዋል። ለጋዜጣና ለማስታወቂያ እጅግ ይጠቅማል፤ ለአማካሪ መምህርና ለሬጅስትራር ደብዳቤ ግን ባይሠራበት ይሻላል። ስፓም የሚጣልበትንም ቦታ በየጥቂት ቀኑ ማየት ይገባል፤ እውነተኛ ደብዳቤ በስሕተት የሚገባበት ጊዜ አለና።

ሳጥኑ የሚከፈትበትም ጊዜ ቢወሰን መልካም ነው። ኮስታዲን ኩሽሌቭና ኤሊዛቤት ደን በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ 124 ሰዎች አንዱን ሳምንት ኢሜይላቸውን በቀን ሦስት ጊዜ ብቻ፣ ሌላውን ሳምንት ግን እንደ ፈለጉ እንዲያዩ ተደረገ። ሦስት ጊዜ ብቻ ባዩበት ሳምንት ጭንቀታቸው አነሰ። ስለዚህ ጧት፣ ቀትርና ማታ መመደብ፣ በመካከሉም የስልኩን ማስጠንቀቂያ ድምፅ መዝጋት ይቻላል። አስቸኳይ ጉዳይ ያለው ሰው ስልክ ይደውል።

፬፤ በፎልደር መለየት ወይስ መፈለግ?

አንዳንድ ትጉሃን ለየጉዳዩ ፎልደር ከፍተው በብዙ ድካም ይለያሉ። ዊታከርና ባልደረቦቹ በ2011 ባወጡት ጥናት 345 ሰዎች ያደረጉትን ከ85,000 በላይ ደብዳቤ መልሶ የማግኘት ሙከራ መርምረው፣ ብዙ ፎልደር ያበጁ ሰዎች ከሌሎቹ የተሻለ እንዳላገኙ፣ በቃል መፈለግም ይበልጥ ፈጣን እንደ ሆነ አሳዩ። እንግዲህ አርባ ፎልደር መክፈት አያስፈልግም ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ውጤት በአማርኛ ለሚጻጻፍ ሰው እንዳለ የሚወሰድ አይመስለንም። ሀ፣ ሐ እና ኀ ለጆሯችን አንድ ቢሆኑም በኮምፒዩተሩ ውስጥ ለየራሳቸው ልዩ ቍጥር አላቸው፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ አንዱ «ጽሑፍ» ሌላው «ፅሁፍ» ብሎ ቢጽፍ፣ መሣሪያው ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ካልተማረ በቀር አንዱን ፈልጎ ሌላውን አያገኝም። ደግሞም «ጥናት» የሚለው ቃል «ለጥናቱ»፣ «በጥናት»፣ «የጥናታችን» እየሆነ መልኩን ይለውጣል። መድኀኒቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ለትምህርት፣ ለመመረቂያ ጽሑፍና ለአስተዳደር ጉዳይ ሦስት ወይም አራት ሰፋፊ ፎልደሮች ማበጀት፤ ሁለተኛ፣ በጉዳዩ መሥመር ላይ በአንድ ፊደል አጻጻፍ ተስማምቶ መጻፍ። «መመረቂያ ጽሑፍ፣ ምዕራፍ 2፣ ለእርማት» የሚል ርእስ ከሁለት ዓመት በኋላም ይገኛል።

ግልጽ ያልሆነ ደብዳቤም ሌሎች ሁለት ደብዳቤዎችን ይወልዳል። «በ3 ሰዓት እንገናኝ» የሚል መልእክት በውጭ አገር ላለ መምህር ከተጻፈ፣ የጧቱ 3 ሰዓት በእርሱ አቈጣጠር 9 ሰዓት ስለ ሆነ፣ ሰዓቱና ቀኑ በየትኛው አቈጣጠር እንደ ሆነ መጨመር ያስፈልጋል።

፭፤ የተከማቸውን በሚመለከት

በሺሕ የሚቈጠር ያልተከፈተ ደብዳቤ ያለበት ሰው ከመጀመሪያው ልጀምር ቢል በሁለተኛው ቀን ይታክታል። የአማካሪውን፣ የትምህርት ክፍሉንና የሬጅስትራሩን ስም እየፈለገ ያልተፈጸመ ጉዳይ ካለ ያውጣ፤ ከዚያም ከአንድ ወር በላይ የሆነውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ አርካይቭ ያዛውር፤ በቀረው ላይ አምስቱን ውሳኔዎች ይጀምር። ግቡም ሳጥኑን ባዶ ማድረግ ብቻ አይደለም። በ2007 ስለዚሁ ጉዳይ የተናገረው ሜርሊን ማን ያስፋፋው የዜሮ አሳብም፣ ከደብዳቤዎቹ ቍጥር ይልቅ የሰውየው አእምሮ በሳጥኑ ውስጥ ታስሮ የሚቈይበትን ጊዜ የሚመለከት ነው።

በመጨረሻ ሁለት ነገር ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። የትምህርት ክፍሎች ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ስለ ደብዳቤ አጻጻፍና አያያዝ አንድ ሰዓት ትምህርት ቢመድቡ ጥቅሙ ለመምህራኑም ይተርፋል። የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች ደግሞ የሞክሼ ፊደላትንና የቃላትን መለዋወጥ የሚያውቅ የአማርኛ ደብዳቤ ፍለጋ ለመመረቂያ ጥናታቸው ቢመርጡ፣ የሥራቸውን ፍሬ በየቀኑ የሚጠቀምበት ሰው ብዙ ነው።