የከሰል ስባሪና የአቶም ሰዓት

ለብዙ ሰው አርኪዮሎጂ ማለት የተቀበረ ወርቅ ፍለጋ ነው። ሙያው በጨቅላነቱ በርግጥም ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። ጀርመናዊው ነጋዴ ሃይንሪሽ ሽሊማን እ.ኤ.አ. ከ1870 ጀምሮ ዛሬ ቱርክ ውስጥ በሚገኘው የሂሳርሊክ ጉብታ ላይ የጥንቷን ትሮይ ፍለጋ ቆፈረ። በ1873 የወርቅ ጌጣጌጥ አገኘና የንጉሥ ፕሪያም ሀብት መሆኑን አወጀ። ጉብታው ግን አንዱ በሌላው ፍርስራሽ ላይ የተሠሩ የበርካታ ከተሞች ቅሪት ነበር። ወርቁ የወጣበት ንብርብር የትሮይ ጦርነት ተካሄደበት ተብሎ ከሚታሰበው ዘመን አንድ ሺህ ዓመት ያህል ይቀድማል። ይባስ ብሎ ሽሊማን ወደ ታች ሲጣደፍ፣ ይፈልገው ከነበረው ዘመን ቅሪት ብዙውን ራሱ አፍርሶ አልፎታል።

እኛ የፊዚክስ መምህራን ሙከራው ያልተሳካለትን ተማሪ «ነገ ድገመው» እንለዋለን። ቁፋሮ ግን አይደገምም። ንብርብሩ አንዴ ከተነሣ የሚተርፈው ቆፋሪው የመዘገበው ብቻ ነው። አርኪዮሎጂም የሳይንስን መንገድ የያዘው «ከየትኛው ንብርብር፣ ከምን ጋር፣ በየትኛው ዘመን?» ብሎ መጠየቅ ሲጀምር ነው።

ለዘመን ጥያቄ የመጀመሪያዎቹ መልሶች ቅደም ተከተልን የሚናገሩ ነበሩ። የኮፐንሃገኑ ክርስቲያን ቶምሰን በ1836 ባሳተመው የሙዚየም መመሪያ ቅርሶችን በድንጋይ፣ በነሐስና በብረት ዘመን ከፋፈለ። እንግሊዛዊው ፍሊንደርስ ፔትሪ ደግሞ የሸክላ ዕቃዎች ቅርጽ ቀስ በቀስ እንደሚለወጥ አስተውሎ በግብፅ የተቆፈሩ መቃብሮችን በሸክላቸው ቀዳሚና ተከታይ አድርጎ ደረደረ። ይህ ዘዴ የትኛው እንደሚቀድም ይነግረናል፤ በስንት ዓመት እንደሚቀድም ግን አይነግረንም።

ዓመቱን የሚቆጥር ሰዓት የመጣው ከአቶም ነው። የጠፈር ጨረር በከባቢ አየር ውስጥ ካርቦን-14 የተባለውን ራዲዮአክቲቭ አይሶቶፕ ዘወትር ይፈጥራል። ዕፅዋት ከአየር፣ እንስሳት ከምግባቸው ይወስዱታል። ሕይወት ሲያልፍ መውሰዱ ያቆማል፤ ያለውም በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። ሩቡ ብቻ የቀረው ከሰል እንግዲህ 11,460 ዓመት ገደማ ሆኖታል ማለት ነው። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ዊላርድ ሊቢ በ1949 ዘዴውን የፈተነው ዕድሜያቸው አስቀድሞ በሚታወቅ ናሙናዎች ነበር፤ ከእነርሱም መካከል ከጥንት የግብፅ ነገሥታት መቃብር የተወሰደ እንጨት ይገኝበታል። በ1960 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት አገኘበት።

ይሁን እንጂ ልኬቱ እየጠራ ሲሄድ አንድ ችግር ተከሰተ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው ሺህ ዓመት የነበሩ የግብፅ ቅርሶች፣ የታሪክ ሊቃውንት ከሚሉት በመቶዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ያነሰ ዕድሜ አሳዩ። የተሳሳተው ማን ነበር? ፍርዱ የመጣው ከካሊፎርኒያ ተራሮች ሲሆን፣ በዚያ የሚገኙ ከአራት ሺህ ዓመት በላይ የኖሩ ዛፎች ዓመታዊ ቀለበት አንድ በአንድ ተቆጥሮ ካርቦኑ ተለካ። የታሪክ ሊቃውንቱ ትክክል ነበሩ። በአየር ውስጥ ያለው የካርቦን-14 መጠን በዘመናት ሁሉ እኩል ነው ብለን የገመትነው እኛ ነበርን የተሳሳትነው።

የታረመው ሰዓት አርኪዮሎጂንም አናወጠ። በምዕራብ አውሮፓ የሚገኙት የጥንት ታላላቅ የድንጋይ መቃብሮች ከምሥራቅ ሥልጣኔዎች የተቀዱ ናቸው ይባል ነበር። ኮሊን ሬንፍሩ በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ በፈረንሳይ ብሪታኒ የሚገኙት ከፒራሚዶች ይቀድማሉ። ልጅ አባቱን አይወልድም፤ ታሪኩ እንደ አዲስ መጻፍ ነበረበት።

ይህ ጉዳይ እኛንም ይመለከታል። የአክሱም ነገሥታት ሳንቲሞች የንጉሡን ስም እንጂ የተመቱበትን ዓመት አይናገሩም። በትግራይ፣ ከየሐ ብዙም ሳይርቅ በሚገኘው የቤተ ሰማዕቲ ቁፋሮ ግን፣ በ2019 ይፋ በሆነው ጥናት መሠረት፣ የጥንታዊው ባዚሊካ ዘመን አራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መሆኑ የተለየው በካርቦን ነው። ዛሬ አቶሞቹ በቀጥታ ስለሚቆጠሩ፣ ለዚህ ዓይነቱ ልኬት አንዲት የከሰለች የእህል ፍሬ ትበቃለች።

ቅርስ ቆፍሮ የሚሸጥ ሰው ሳንቲሙን ይወስዳል። ከሰሉን ገዢ ስለሌለው በትኖት ይሄዳል። ዓመቱን የሚያውቀው ግን ከሰሉ ነበር።