የዓሣ መረቅ ለሕፃናት በወረርሽኝ ወቅት

የኮሮና ቫይረስ በሽታ (ኮቪድ-19) ወደ ኢትዮጵያ መግባቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲገለጽ ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። በከተሞች ዓሣ በብዛት የሚፈለገውም በጾም ወራት ነው። በሽታው መጀመሪያ ከታየባቸው ሰዎች ብዙዎቹ በቻይና ዉሃን ከተማ ካለ የባሕር እንስሳት ገበያ ጋር ግንኙነት እንደነበራቸው በመነገሩ፣ ዓሣ በሽታውን ያመጣል ብለው የሚሰጉ ነበሩ። በአንጻሩ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ፌጦ የበዛበት ትኩስ መረቅ በሽታውን ይከላከላል በሚል እምነት ለጨቅላ ሕፃናት ጭምር የሚያጠጡ ነበሩ። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። ቫይረሱ በዋናነት የሚተላለፈው ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ፣ በሳልና በማስነጠስ ነው፤ በሚገባ የበሰለ ዓሣ በሽታውን እንደሚያስተላልፍ የታወቀ ነገር የለም። መረቅም ምግብ እንጂ መድኃኒት አይደለም።

ምግብነቱም ቢሆን ልክ አለው። ዓሣ ሲቀቀል አብዛኛው ገንቢ ንጥረ ነገር የሚቀረው በሥጋው ውስጥ ነው፤ ወደ ውኃው የሚወጣው ጣዕሙና ጥቂት ቅባት ነው። የስምንት ወር ሕፃን ጨጓራ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ከአንድ መደበኛ ኩባያ አይበልጥም። ይህች ጠባብ ቦታ በቀጭን መረቅ ከተሞላች ለገንፎው፣ ለእንቁላሉና ለእናት ጡት ወተት ስፍራ አይተርፍም። ሕፃኑ ጠግቦ ይተኛል፤ ግን አልተመገበም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ 100 ሕፃናት 46ቱ ለዕድሜያቸው ከሚገባው ቁመት በታች ነበሩ። ገብስና ባቄላ በሚታፈስበት አካባቢም ሕፃናት የሚቀነጭሩበት አንዱ ምክንያት ምግባቸው ቀጭንና አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ስለዚህ የዓሣ መረቅ ለብቻው እንዲጠጣ ሳይሆን ገንፎ እንዲሠራበት፣ ሥጋውም ተልሞ እንዲገባበት ይመከራል።

ሕፃኑ ስድስት ወር እስኪሞላው ድረስ ከእናት ጡት ወተት በቀር መረቅም፣ ውኃም አይሰጠውም። እናት በኮሮና ብትያዝ እንኳ አፍና አፍንጫዋን በጭምብል ሸፍና፣ እጇን በሳሙና ታጥባ ማጥባቷን ትቀጥላለች። ስድስት ወር ሲሞላው ገንፎ በሁለት ወይም በሦስት የሾርባ ማንኪያ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ግማሽ ኩባያ ያድጋል፤ ዓሣው ግን መጀመሪያ ቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይብለጥ። ሕፃኑ ቀድሞ የገብስ ገንፎ የለመደ ቢሆን ይመረጣል፤ በዓሣው ሰሞን ለሦስት ቀናት ሌላ አዲስ ምግብ ካልተጨመረ፣ የማይስማማው ነገር ቢኖር የትኛው እንደሆነ መለየት ይቻላል። የመጀመሪያው ሙከራ በጠዋት ይሁን። ከአንኮበር ራቅ ያሉ ቀበሌዎች ጤና ጣቢያ ለመድረስ ረጅም መንገድ በእግር የሚሄዱ ቤተሰቦች፣ ችግር ቢፈጠር በቀን ብርሃን ቢሆን ይሻላቸዋል።

ደብረ ብርሃን የሚደርሰው ዓሣ በአብዛኛው ከጣና ወይም ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ረጅም መንገድ ተጉዞ የመጣ ነው። ስለዚህ ሲገዛ ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ (መተንፈሻው) ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ወዲያው የሚመለስ መሆኑ ይታያል። ክፉ ጠረን ያለው ዓሣ በሎሚና በቅመም ቢታሽም ለሕፃን አይሆንም። በጨው የደረቀ ዓሣና የቆርቆሮ ሰርዲን ጨዋቸው ለሕፃን ኩላሊት ይበዛል።

አዘገጃጀቱ ቀላል ነው። አንድ መካከለኛ ቆሮሶ ቅርፊቱና የሆድ ዕቃው ወጥቶ በንጹሕ ውኃ ይታጠባል፤ መክተፊያውና ቢላዋውም ሌላ ነገር ሳይነካቸው በሳሙና ይታጠባሉ። ከዚያ በአንድ ሊትር ውኃ ያለ ጨው፣ ያለ በርበሬ ይቀቀላል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው። ይህ ሙቀት ጀርሞችን ለመግደል ይበቃል፤ ሥጋው ከአጥንቱ በቀላሉ እንዲላቀቅ ግን ከቆላው ይልቅ ጊዜ ይወስዳል፤ ከፈላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢንተከተክ መልካም ነው። መረቁ በጥቅጥቅ ወንፊት ወይም በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ሁለት ጊዜ ይጠለላል። ሥጋው በታጠበ ጣት ጥቂት በጥቂት እየተዳሰሰ እሾሁ ይለቀማል። ይህን ሥራ ዓይን ብቻውን አይሠራውም፤ ቀጭን እሾህ የሚገኘው በጣት ነው። በአንድ ኩባያ መረቅ የተቆላ የገብስ ዱቄት ተነቅንቆ እስኪወፍር ይበስላል፤ የተላመው ሥጋና ጥቂት ዘይት ይጨመርበታል። ማንኪያው ሲዘቀዘቅ ቶሎ የማይንጠባጠብ ከሆነ ውፍረቱ ልክ ነው። ማር ግን፣ ለጉንፋን ተብሎም ቢሆን፣ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም።

የደጋው ብርድ ብዙ ሰው ያዘናጋል። ውጭ ውርጭ ቢጥልም ምድጃ አጠገብ ያደረ ድስት ሞቃት ነው፤ መረቅም ጀርም በፍጥነት የሚራባበት ምግብ ነው። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ለአንድ ጊዜ የሚበቃ ብቻ ይሠራ፤ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየና ከሕፃኑ ሳሕን የተረፈ አይሰጥ። ምግቡን እፍ እያሉ ማብረድ፣ በራስ ማንኪያ ቀምሶ መስጠትና አላምጦ ማጉረስ ከፍቅር የመነጨ ልማድ ቢሆንም በሽታን ከአፍ ወደ አፍ ያሻግራል። ቀዝቀዝ ማለቱ በእጅ አንጓ ላይ ጠብ በማድረግ ይታወቃል።

በጾም ወራት ዓሣ የማይበላ ቤተሰብ ዕቃው እንዳይነካካበት ሲል የሕፃኑን ምግብ ማስቀረቱ የተለመደ ነው። ጾሙ ሕፃኑን አይመለከተውም፤ ለእርሱ አንዲት ትንሽ ድስትና ማንኪያ ለብቻ ቢለዩለት የቤተሰቡም ጾም፣ የሕፃኑም ምግብ ይጠበቃል።

ዓሣ በበላ በደቂቃዎች ወይም እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ሽፍታ፣ የከንፈርና የፊት እብጠት ወይም ተደጋጋሚ ትውከት ከታየ ምግቡ አልተስማማውም ማለት ነውና ይቁም፤ ሕፃኑም ለጤና ባለሙያ ይታይ። ትንፋሹ ካጠረ፣ ኮሮና ይሆናል ወይስ ሌላ እያሉ ቤት መቆየት አይገባም፤ በሽታን ፈርቶ ጤና ተቋም አለመሄድ ሕይወት ያስከፍላል። እሾህ ሲይዘው በትልቅ የእንጀራ ጉርሻ ለመግፋት ወይም ጣት ከትቶ ለመፈለግ መሞከር እሾሁን ይበልጥ ይሰካዋል። ሕፃኑ እያለቀሰና እየሳለ ከሆነ አየር እየገባለት ነውና ቀጥ አድርጎ ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። ድምፁ ከጠፋና ፊቱ ከጠቆረ፣ አንድ ዓመት ያልሞላው ከሆነ በክንድ ላይ በደረቱ አስተኝቶ ጭንቅላቱን ዝቅ በማድረግ በትከሻዎቹ መካከል አምስት ጊዜ በመዳፍ ጠበቅ አድርጎ መምታት፣ ካልወጣም ገልብጦ የደረቱን መሐል በሁለት ጣት አምስት ጊዜ መጫን፣ እርዳታ እስኪደርስም ሁለቱን እያፈራረቁ መቀጠል ያስፈልጋል።

በአንኮበር ገጠር ዓሣ ጨርሶ ላይገኝ ይችላል፤ ለዚህ ብሎ በወረርሽኝ ጊዜ ወደ ተጨናነቀ ገበያ መውረድ አያስፈልግም። በደንብ የበሰለ አንድ እንቁላል ተልሞ በገንፎው ቢገባ፣ በሌላ ቀን ደግሞ የተከካ ምስር ወይም ወተት ቢጨመርበት፣ የዓሣውን ቦታ ይሸፍናል። ዝግጅቱን በቤቱ ባለው ዕቃ ማየት የምትፈልግ እናት የቀበሌዋን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ መጠየቅ ትችላለች።