የመምህሩ ጆሴፍ ሄንሪ ምርምርና የጽሑፍ ቅርሱ

አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ጆሴፍ ሄንሪ (1797–1878 እ.ኤ.አ.) እ.ኤ.አ. ከ1826 ጀምሮ በኦልባኒ አካዳሚ መምህር ነበር። የማስተማሩ ሥራ ፋታ ስለማይሰጠው ምርምሩን በአብዛኛው የሚያካሂደው በዓመታዊው የትምህርት ቤት ዕረፍት ነበር። በለስላሳ ብረት ላይ የተሸፈነ ሽቦ ደራርቦ በመጠምጠም ብርቱ ኤሌክትሮማግኔት ሠራ። በማግኔት አማካይነት የኤሌክትሪክ ጅረት ማስገኘትንም በራሱ ጥረት ደርሶበታል፤ ሆኖም እንግሊዛዊው ፋራዴይ ውጤቱን ቀድሞ ስላሳተመ ቀዳሚነቱ ለፋራዴይ ተቆጠረ።

ሄንሪ እ.ኤ.አ. በ1846 የስሚዝሶኒያን ተቋም የመጀመሪያ ዋና ጸሐፊ ሆነ። እ.ኤ.አ. በጥር 1865 በተቋሙ ሕንፃ ላይ የደረሰው ቃጠሎ ብዙ ደብዳቤዎቹን አጠፋ። የተረፉትና ከየስፍራው የተሰባሰቡት ጽሑፎቹ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በተከታታይ ቅጾች ታትመዋል።

ስለሆነም ለመምህራን የምርምር ጊዜ መመደብና ውጤቱን ሳይዘገዩ በጽሑፍ ማስፈር የትምህርት ዕቅድ አካል ሊሆን ይገባል።