44 ክሮሞዞም ያለው የጫካ ቡና

በካፋ፣ በሸካና በያዩ ደኖች ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ማንም ያልተከለው ቡና ይበቅላል። ይህ ቡና በእያንዳንዱ ሕዋሱ 44 ክሮሞዞም አለው። ከመቶ የሚበልጡት ሌሎቹ የቡና ዘመዶች ያላቸው ግን 22 ብቻ ነው።

ቁጥሩ እጥፍ የሆነው ሮቡስታና ዩጂኒኦይደስ የተባሉ ሁለት የዱር ቡናዎች ተዳቅለው፣ ድቅሉ የሁለቱንም ክሮሞዞም ሙሉ በሙሉ ይዞ በመቅረቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት ጊዜውን ከ350,000 እስከ 610,000 ዓመት በፊት ያደርገዋል፤ ከዚያ በፊት የነበሩ አንዳንድ ግምቶች በጣም ያንሱ ነበር። አረቢካ የምንለው ቡና የተወለደው እንዲህ ነው።

ቁጥሩ ግን ከዘመዶቹ ለይቶታል። አረቢካ 22 ክሮሞዞም ሲያዋጣ የሮቡስታ የአበባ ብናኝ የሚያመጣው 11 ነው፤ የሚወለደው ባለ 33 ተክል ክሮሞዞሞቹን ማጣመር ስለማይችል ዘር አይሰጥም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ቲሞር ደሴት ላይ የተገኘው የሁለቱ ድቅል ከዚህ አምልጦ 44 ይዞ ተገኘ። የቅጠል ዋግ የተባለውን በሽታ የሚቋቋሙ ብዙ ዝርያዎች የወጡት ከእሱ ነው። እንዲህ ያለ አጋጣሚ ግን ብርቅ ነው፤ አረቢካ በሽታ ሲመጣበት በዋናነት የሚተማመነው በራሱ ወገን ውስጥ ባለው ልዩነት ነው። ያ ልዩነት በብዛት ያለው ደግሞ በእኛ ደቡብ ምዕራብ ደኖች ነው።

ይህን በተግባር አይተነዋል። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገብቶ አረንጓዴውን ፍሬ ዛፉ ላይ እያጠቆረ ሲያረግፍ፣ ተመራማሪዎች ያልታመሙ ዛፎችን ፍለጋ ወጡ። ዛሬ ገበሬው በቁጥር የሚጠራቸው 74110 እና 74112 ከመቱ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1974 የተመረጡ ናቸው፤ 74 የሚለው ዓመቱ ነው።

ካፋና ያዩ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ሸካ በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆነዋል። ስያሜው ብቻውን ደኑን አያድነውም። ምርት ለመጨመር ከዛፎቹ ሥር ያለው ቁጥቋጦ ሲመነጠር፣ የጥላው ዛፍ ሲሳሳና የተመረጠ ችግኝ ሲገባ፣ ጫካው ከሩቅ ሲታይ እንዳለ ነው፤ የዱሩ ቡና ግን ቦታውን ይለቃል። ደኑን ጠብቆ የሚኖረው ገበሬ ላጣው ምርት ካሳ ሊከፈለው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

የቡና ዘር እንደ ጤፍ ደርቆ በቀዝቃዛ ክፍል ለረጅም ዓመታት አይቀመጥም። ስለዚህ በጅማ ዞን ጮጬ ላይ ከየቦታው የተሰበሰበው ቡና የሚጠበቀው በመሬት ላይ በቆሙ ዛፎች ነው። በዚያ ያሉት ግን የተሰበሰቡት ብቻ ናቸው፤ ገና ያልተለቀመው በጫካው ውስጥ ነው ያለው።